ጨፌው የት አደረ?

ነቀምቴ ተቀምጬ በማዕበል ሥራ ጡረታ ወጣሁ ስል የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ አልቀየምም። ከነቀምቴ እስከ ባሕር ምን ያህል አገር እንዳለ መንገዱን በእንባ የመጣሁት እኔ አውቀዋለሁ። የጡረታዬ ነገር ያለቀ ሰሞን በቦታዬ የተተኩት ልጆች ከበቡኝና፣ "እማማ አስካለ፣ ሳይሄዱ አንድ ነገር ይንገሩን። በየጠዋቱ በሬዲዮ ከጀልባው ሹፌር ጋር የሚባባሉት ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም አልኳቸው። እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶኝ እነሆ ጻፍኩት።

የተወለድኩት ምጽዋ ነው። አባቴ ከሸዋ ወርዶ ወደቡ ላይ በመዛኝነት የሚሠራ ሰው ነበር። እኔም አስኳላዬን እንደ ጨረስኩ ለመርከበኞች የንፋስና የማዕበል ወሬ ከምታዘጋጅ ትንሽ ቢሮ በጸሐፊነት ገባሁ። የጽሕፈት መኪና ልመታ ነበር የተቀጠርኩት፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አቶ ተኽሌ ናቸው። ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት አገር ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ።

አቶ ተኽሌ ትንበያ ተሠርቶ ሲቀርብላቸው እንደ ሌላው አለቃ ቶሎ አይፈርሙም። ብዕራቸውን ይከድናሉ፤ ወደ ሰገነቱ ይወጣሉ፤ ከማሰሮው በእጃቸው ውሃ ዘግነው ፊታቸውን ያርሳሉ። ከዚያ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ያዞራሉ፤ ንፋሱ በሁለቱም ጆሮ እኩል እስኪሰማ ድረስ። እኩል የተሰማ ጊዜ አፍንጫቸው የንፋሱን መምጫ ያሳያል። ተመልሰው ቁጥሩን ያዩና ነው የሚፈርሙት። "መሣሪያ እያለ ለምን ይደክማሉ?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ "መሣሪያው ይለካል፤ የሚፈርመው ግን እኔ ነኝ" አሉኝ።

ስለ ማዕበል ያስተማሩኝ ሦስት ጥያቄ ነው። ንፋሱ ምን ያህል በረታ? ምን ያህል ቆየ? በምን ያህል ክፍት ውሃ ላይ ሮጠ? ይህን የመጨረሻውን መንደርደሪያ ይሉታል። "ቦይ የሚዘል ሰው አይተሽ የለም? ወደ ኋላ ሄዶ ካልተንደረደረ አይዘልም። ንፋስም እንደዚያው ነው። መንደርደሪያ ከሰጠሽው ውሃውን ተራራ ያደርገዋል፤ ከነፈግሽው ኩሬ ከማርገብገብ አያልፍም።"

አንድ ሌላ ቃላቸውም አለ። የዚያን ጊዜ የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ነበር። "አስካለ፣ ቁጥር ሲጣላሽ አትፍሪ፤ ምክንያቱን ትፈልጊያለሽ። ምክንያቱን ሳታውቂ የታረቀሽን ቁጥር ግን ፍሪው።"

ባለቤቴ መምህር ነበር። ወደ ወለጋ ሲዛወር እኔም ዝውውር ጠይቄ ነቀምቴ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ተመደብኩ። ከቆላ ወጥቼ ዝናቡ ለወራት የማያባራ አገር ገባሁ። ቋንቋው ሌላ፣ እንጨቱ እርጥብ። ጎረቤቶቼ ወንጌላውያን ናቸው፤ እኔ "በማርያም" ስል ይሳሳቃሉ፣ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ግን ከራስጌዬ ተንበርክከው በኦሮምኛ ሲጸልዩ ነው የነጋባቸው። ከዚያ ወዲህ በአገሩ የአክብሮት አጠራር አዴ አስካለ ሆንኩ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ሥራውም የንፋስና የዝናብ ልክ ወስዶ ለአዲስ አበባ ማስተላለፍ ነው። ማዕበልን ለዘላለም የተሰናበትኩት መስሎኝ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከከተማው ራቅ ብሎ ግድብ ተሠራና ረግረጉ ሁሉ ሐይቅ ሆነ። ማዶ ለማዶ ሲዛመድ የኖረ ሕዝብ በውሃ ተለያየ። የሞተር ጀልባ መጣ። በምዕራብ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ያለበት መሳፈሪያ፣ በምሥራቅ ዳር ደግሞ ገበያው ያለበት መሳፈሪያ ተሠራ። ሰዉ ዋና አያውቅም፤ ትናንት ከብት ያግድበት የነበረ መስክ ነው ዛሬ ሐይቅ የሆነበት። ስለዚህ በየጠዋቱ ከእኛ ጣቢያ በሬዲዮ ትንበያ እንዲነገርና በየመሳፈሪያው ምሰሶ ላይ ነጭ ወይም ቀይ ባንዲራ እንዲሰቀል ታዘዘ። ነጭ ከሆነ ጀልባዋ ትሻገራለች፤ ቀይ ከሆነ ትቆማለች።

አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ይባላል። የጎጃም ሰው፣ ውጭ አገር የተማረ፣ እንደ ትምህርቱ ያልኮራ። የማዕበሉን ቀመር እኔ ከምጽዋ ባመጣሁት፣ እሱ ደግሞ በተማረው አዋቅረን ሠራነው። አዲስ አበባ አንድ ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር ነበር፤ የተበሳ ካርድ ነው የሚጎርሰው። ቀመራችንን በካርድ አስበስተን እንልካለን፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ንፋስ የማዕበሉን ቁመት አስልቶ ሰንጠረዥ ይመልስልናል። ጠዋት ጠዋት የጣቢያችንን ንፋስ ይዘን ከሰንጠረዡ እናነባለን።

ሰንጠረዡ አላዋጣንም። ክረምቱን ሙሉ፣ ማዕበሉ ከወገብ በላይ ይሆናል ብለን ቀይ እናሰቅላለን፤ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይውላል። የጀልባው ሹፌር ኦቦ ዲንሳ በሁለቱም መሳፈሪያ በተተከለው ምልክት የውሃውን ከፍታ አይቶ በሬዲዮ ይነግረናል። ነገረኛ ነው።

"አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደርሽ፣ አዴ አስካለ! ዛሬም ቀይ ነው?"

"ዛሬም ቀይ ነው፣ ኦቦ ዲንሳ።"

"ሐይቁ እኮ ተኝቷል። እንዳይነቃ ቀስ ብለሽ ተናገሪ!"

ከኋላው የተሳፋሪዎች ሳቅ ይሰማኛል። ገበያ የቀረባቸው ሰዎች "ቀይ አስካለ" የሚል ስም አወጡልኝ። አቶ ደሳለኝ ሳይሰለች ከዲንሳ የመጣውን ልክ ከእኛ ትንበያ ጋር እያስተያየ ቀመሩን ወደ ታች አስተካከለው። ካርዱ ተበስቶ ሄደ፣ አዲሱ ሰንጠረዥ መጣ። ከመስቀል በኋላ ያልነውና የሆነው አንድ ሆነ። ጀልባዋ ሠራች፤ ስድቡም ቀረ።

እኔ ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። "አቶ ደሳለኝ፣ ቁጥሩ ለምን ታረቀን?" አልኩት። አሰበበት። "ሐይቁ በኮረብታ የተከበበ ነው። ንፋሱ እዚያ ሲደርስ ይደክም ይሆናል" አለ። ደህና ምክንያት ነው፤ እኔም ተቀበልኩት። እውነት መሆኑን ለማየት ግን ሐይቁ ዳር የንፋስ መለኪያ መትከል ያስፈልጋል ብለን ጥያቄ አቀረብን። ፈቃዱ እስኪመጣ ጥምቀት አለፈ።

ከዚህ ላይ ስለ ጨፌው ልናገር። ረግረጉ በውሃ ሲዋጥ በላዩ የነበረው ሣርና ደንገል ሥሩ እንደ ተያያዘ ተነቅሎ ተንሳፈፈ። ሰው ሲረግጠው ይሸከማል። ያ ተንሳፋፊ ጨፌ ከሰመጡት ዛፎች ጋር ተጠላልፎ ሐይቁን መሐል ለመሐል እንደ መቀነት አሥሮት ነበር፤ ለጀልባዋ ማለፊያ የምትሆን አንዲት በር ብቻ ነው ያለችው። ግጦሹ የሰመጠበት የሁለቱ ዳር ሕዝብ ሣሩን ያጭድ ነበርና "የእኛ ነው"፣ "የለም የእኛ ነው" ተባብሎ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሷል። እኔ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ምጽዋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሣር ነው ብዬ አለፍኩት። አቶ ደሳለኝ የሚሠራበት ካርታም ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ባዶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ያገሩ ሰው ደግሞ ጨፌውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማዕበል የሚባል ነገር ግን አይቶ አያውቅም። ነገሩን ግማሽ ግማሹን ተካፍለን ይዘነው ነበር፤ ያገናኘው ግን አልነበረም።

መለኪያውን ልንተክል የሄድንበት ዕለት ጠዋት ነጭ ብለን ነው የተነሳነው። ከሰዓት በኋላ ሾላው ዳር ደረስን። የበጋው ንፋስ ከምሥራቅ እየነፈሰ ነው። አቶ ደሳለኝ መሣሪያውን ከላንድሮቨሩ ሲያወርድ እኔ ወደ ውሃው ሄድኩ። ዓይኔ ሳያይ ጆሮዬ ሰማ። ምጽዋን ከለቀቅሁ ወዲህ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ነው፤ ማዕበል ዳርቻ ላይ ሲሰበር።

የዲንሳ ሚስት አዴ ጫልቱ ልብሷን እያጠበች ነበር። ውሃው እየደረሰባት ቅርጫቷን ወደ ላይ ትጎትታለች።

"አዴ ጫልቱ፣ ጨፌው የት ሄደ?"

"አልሰማሽም እንዴ? ሁለቱ ዳር ታረቁ እኮ!" ፊቷ በራ። "የእኛው ሽማግሌ ኦቦ ጉደታ አስታረቋቸው። ትናንት በማጭድና በገጀራ ለሁለት ከፈሉት። የእኛ ድርሻ ያውልሽ፣ ጎትተን ከዳር አሥረነዋል። የእነሱን እነሱ ወስደዋል። እልልታችን ነቀምቴ አልደረሰም?"

ቀና ብዬ አየሁ። ሐይቁ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ባዶ ነው። መንደርደሪያው ተከፍቷል።

"ጀልባዋስ?"

"ሽማግሌዎቹ ለዕርቁ ድግስ ማዶ ሄደው ነበር፤ ዲንሳ ሊያመጣቸው ሄዷል።" ፊቴን አይታ ሳቋ ጠፋ። "ምነው? ነጭ አይደል እንዴ ያላችሁት?"

ሮጬ ለአቶ ደሳለኝ ነገርኩት። "ሰንጠረዡ እኮ በዚህ ንፋስ ከጉልበት በታች ነው የሚለው" አለኝ። "ሰንጠረዡን ያረቅነው ጨፌው መሐል እያለ ነው" አልኩት። ለማስረዳት ሁለተኛ ቃል አላስፈለገኝም። ቀዩን ባንዲራ መንትፎ ወደ ምሰሶው ሮጠ። ግን ምን ያደርጋል፤ ጀልባዋ ከመሐል አልፋ መጥታለች። አንዴ ብቅ ትላለች፣ አንዴ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። ማዕበሉ ከኋላ ነው የሚመታት፤ ፊቷ ደግሞ ሾላው ዳር የሰመጡት ዛፎች ጉቶ ነው። በዚህ ማዕበል ቀጥ ብላ ከመጣች ጉቶው ላይ ትሰባበራለች።

በባሕር ያደገ ሰው መጠለያ ማየት ያውቃል። ከዳር የታሠረው የእነ ጫልቱ ጨፌ ማዕበሉን በፊቱ እየዋጠ፣ በእሱና በዳርቻው መካከል ያለውን ውሃ ኩሬ አስመስሎት ነበር። "ዲንሳ ከጨፌው ጀርባ መግባት አለበት" አልኳት ጫልቱን፤ "እንዴት እንንገረው?"

ጫልቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። "የጨፌ ልጅ ነኝ። እኔ ከፊት ልርገጥ፣ አንቺ እግሬን ተከተይ። ከቆምሽ ትሰምጫለሽ፤ አትቁሚ።"

ሄድንበት። ጨፌው ከሥራችን እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይመጣል። "እመቤቴ፣ አደራሽን" እላለሁ፤ እሷ ከፊቴ "ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!" እያለች አምላኳን ትጠራለች። ጫፉ ላይ ደርሰን ነጠላችንን አውለበለብን። እየተራመድን፣ እየዞርን፣ አንድ ቦታ ሳንቆም። ሌሎች ሴቶችም ተከተሉን።

"ዲንሳ! ወደዚህ! ወደ ጨፌው!"

ድምፃችን አይሰማም። አይቶ ግን ገባው። የጀልባዋን ጎን ለማዕበሉ ሳይሰጥ መዞር አይችልም፤ ያን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለት ማዕበል አሳለፈና አዞራት። ሦስተኛው በጎኗ ገብቶ ሞላት። እዚያው ጨፌው ጫፍ ላይ፣ ሰው ሊነካት ሲደርስ፣ ተገለበጠች።

ሰዉ ሣሩን ያዘ። ጨፌው የተጎተተበት ገመድ ገና እንደ ታሠረ ነበርና ሴቶቹ ጫፉን እየወረወሩ አንድ በአንድ ሳቡ። አቶ ደሳለኝም ከነኮቱ ውሃ ውስጥ ነበር። ሁሉም ወጡ ስንል ዲንሳ ዙሪያውን አየና፣ "ኦቦ ጉደታስ?" አለ። ሽማግሌው አልነበሩም። ጋቢያቸው ከብዷቸው ሰጥመዋል።

ከዚያ የከፋ የመጣው ልቅሶው ላይ ነው። ዕርቁ ደም ጠየቀ ተባለ። ማዶ ያሉት ድርሻቸውን ሲጎትቱ ሐይቁን ሆን ብለው አስቆጡት የሚል ወሬ ተነሣ። የኦቦ ጉደታ ልጆች ዱላ አነሡ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ የቀረላቸው ሥራ ያ ዕርቅ ብቻ ነው፤ እሱም ሊፈርስ ነው። የሁለቱ ዳር ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ሲቀመጡ አቶ ደሳለኝ ማንም ሳይጠራው ሄደ። አብሬው ሄድኩ።

ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። "ዕርቁ አልገደላቸውም" አለ። "ነጭ ያልነው እኛ ነን።"

የሟቹ ታላቅ ልጅ ተነሣ። "ጌታው፣ አባቴን ቁጥር ገደለው ነው የምትለኝ?"

"ምክንያቱን ሳናውቅ ያስተካከልነው ቁጥር" አለ አቶ ደሳለኝ።

ነገሩ ለመረዳት የሚያስቸግር ስለሆነ እኔ ገበቴ አስመጣሁ። ውሃ ሞላሁበት። ሣር ነቅዬ መሐሉን በሣር አሠርኩትና ከአንድ ጫፍ ተንበርክኬ እፍ አልኩ። ውሃው ሣሩ ጋ ሲደርስ ሞተ። ሣሩን ለሁለት ከፍዬ ወደ ዳር ወደ ዳር አደረግሁትና ደግሜ እፍ አልኩ። ማዶ ያለው ጫፍ ላይ ውሃው ተናወጠ። ልጁ ዱላውን አስቀምጦ መጣ። ሣሩን በራሱ እጅ ወደ መሐል መለሰ፤ ተንበርክኮ እፍ አለ። አወጣው፤ እንደገና እፍ አለ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ሲያደርግ ቆየ። እንባው ገበቴው ውስጥ ይወርዳል።

ቀና ሲል ቁጣው አልነበረም። "ጨፌ እኮ ይሄዳል" አለ። "ገመድ ይበጠሳል፣ ንፋስ ይወስደዋል። እናንተ ነቀምቴ ተቀምጣችሁ በምን ታውቃላችሁ?"

"አናውቅም" አለ አቶ ደሳለኝ።

ከማዶ የመጡ አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛ እናውቃለን" አሉ። "ከእኛ አንድ ሰው፣ ከእናንተ ከሾላው ዳርም አንድ ሰው ይሁን። ጨፌው የት እንዳደረ በየጠዋቱ ያዩና ለዲንሳ ይንገሩት። እሱ ለእነዚህ ይንገር።" የሟቹ ልጅ "ከእኛ በኩል እኔ እሆናለሁ" አለ። ዕርቁ ያን ቀን ነው የጸናው።

አቶ ደሳለኝ የተግሣጽ ደብዳቤ ደርሶት ከዓመት በኋላ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ግን ቀመሩን እንደ አዲስ ሠራነው። መንደርደሪያው ከካርታ መወሰዱ ቀረ፤ ጨፌው ባደረበት ቦታ ይወሰን ጀመር። ኮምፒውተሩ አንድ የነበረውን ሰንጠረዥ በአራት አተመልን፤ ጨፌው መሐል ሲሆን፣ ሲከፈል፣ አንዱ ዳር ሲጠጋ፣ ፈጽሞ ሲበተን። የተከልነው መለኪያም ንፋሱ ኮረብታውን አልፎ እንደማይደክም አሳየን። ከዚያ ወዲህ ያልነውና የሆነው የተለያየበት ቀን አለ፤ ሰው ግን አልጠፋብንም። ተመስገን።

ምጽዋ አልተመለስኩም። አባቴ አረፈ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ባለቤቴንም እዚህ ቀበርኩ። ጓዜን ሸክፌ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ነው የመጨረሻው የሥራ ቀን የደረሰው። የዕለቱ ቁጥር ቀረበልኝ፤ ንፋሱ ደካማ ነው፣ በአራቱም ሰንጠረዥ ነጭ ይላል። ብዕሬን ከደንኩ። ደጅ ወጥቼ ፊቴን አረስኩና ንፋሱ በሁለቱም ጆሮዬ እኩል እስኪሰማ ዞርኩ። ከዚያ ገብቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ።

"ኦቦ ዲንሳ፣ ጨፌው የት አደረ?"

"ከዳር ከዳር ነው ያደረው፣ አዴ አስካለ። ሁለቱም አይተውታል።" ድምፁ አርጅቷል። "ዛሬ የመጨረሻሽ ነው አሉ። እንግዲህ አንቺስ የት ልታድሪ ነው?"

መልሱን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"እዚሁ" አልኩት። "ነጩን ስቀል። እኔም ልሻገር እመጣለሁ፤ ቦታ ያዝልኝ።"